ጥላ የማይጥል ሌንስ

የግቢው ጌታ ሜሳን ዴዴን መጀመሪያ የመታት በእጁ ጀርባ ነው። ሁለተኛው ቡጢ ነበር። የዴዴ ጉትቻ የጆሮዋን ጫፍ ቀዶ ወጣና መሬት ላይ ወደቀ።

አይኩዌ ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ እህቱ አንድ እርምጃ ተራመደ። የሜሳን ታናሽ ወንድም ፎሊ ዱላውን ደረቱ ላይ አስደግፎ አቆመው።

«እዚያው ቁም፣ ሽማግሌ» አለው።

እስከ ትናንት አንቱ ይለው ነበር።

ግቢው አኔሆ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር ነው። ሜሳን ትንንሽ እንስሳት ያረባል፤ ዘንዶ፣ እስስት፣ ኤሊ። በሳጥን ታሽገው በአውሮፕላን ባሕር ማዶ ይሄዳሉ። እዚያ ያሉ ሰዎች በመስተዋት ቤት አኑረው እንደ ልጅ ይንከባከቧቸዋል ይባላል። ገዢው ሳያይ ስለማይገዛ እያንዳንዱ እንስሳ ፎቶ ይነሣል። የሚያነሣው አይኩዌ ነው። ድሮ የራሱ ፎቶ ቤት ነበረው። ሰው ሁሉ ስልክ ሲይዝ ቤቱን ዘጋና ሙሽራ ማንሣቱ ቀርቶ እስስት አንሺ ሆነ። ዴዴን ሳጥን ጠራጊ አድርጎ ያስቀጠራትም እሱ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት የመጣው ነጩን ዘንዶ ሊያነሣ ነበር። ዘንዶው ክንድ አይሞላም፤ ከእንቁላሉ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ቡኒ ናቸው። ነጭ በዚያ ግቢ ታይቶ አያውቅም። ሜሳን ክዳኑን ሲከፍት እንደተጠቀለለ ሞቶ አገኘው። አንገቱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቁስል አለች። ደሙ ደርቋል።

በሜሳን ቤት ዘንዶ አያት ነው የሚባለው። ተሽጦ ሲሄድ ችግር የለም፤ አያት እንግድነት ሄደ ይላሉ። ደሙ ሲፈስ ግን ሌላ ነው። ሬሳው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሚቀበርበት ሰዓት ደሙን ያፈሰሰው ሰው ከግቢው በር እስከ ሐይቁ በሁለት ረድፍ ወንዶች መካከል ያልፋል። ወንዶቹ ዱላ ይይዛሉ። ውሃው ጋ የደረሰ ነጻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሹፌር ከበሩ ፊት ለፊት አንዱን በጎማ ጨፍልቆ ነበር። ውሃው ጋ አልደረሰም።

«ቁስሉን አንሣው» ብሎ ነበር ሜሳን። አይኩዌም አነሣው። በካሜራው መስኮት ላይ አንድ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ታየ።

«ይኸው! ስለት ነው!» ብሎ ሜሳን ዞር ሲል ዴዴ የሳጥን መፋቂያ ብረቷን ይዛ ከኋላው ቆማለች። የመታት ያኔ ነው።

የግቢው ወንዶች የኤሊዎቹ ማደሪያ ውስጥ ወረወሯትና በሩን በሽቦ ጠምዝዘው ዘጉባት። አንዱ እግሯ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ በበሩ ጫፍ እየመቱ አስገቡት። ከዚያ ዱላ ሊቆርጡ ሄዱ።

አይኩዌ ሽቦው ሥር ተቀመጠ። የከለከለው የለም።

«ፎፎ» አለችው። ታላቅ ወንድሟን ከልጅነቷ ጀምራ የምትጠራው እንዲህ ነው። «አልነካሁትም።»

«አውቃለሁ።»

«አይጥ ነው። ሳጥኑ ጥግ ትኩስ የአይጥ ኩስ አይቻለሁ።»

«ማን ከተተበት?»

ወዲያ ወዲህ አየች። «ማታ ሜሳን እንግዶች ነበሩት። ሲጠጡ ነው ያመሹት። ነጩ ሲበላ እዩልኝ ብሎ ሕያው አይጥ ጨመረበት። ዘንዶው ዞር ብሎም አላየው። እኔ ስወጣ አይጡ እዚያው ነበር። ያወጣዋል ብዬ ሄድኩ።»

ዘንዶ የሚያረባ ሁሉ ይህን ያውቃል። ያልራበው ዘንዶ አይጥ እላዩ ላይ ቢሄድበትም ዝም ብሎ ይተኛል። አይጡ ሲርበው ግን ዝም አይልም፤ ዘንዶውን መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ሕያው አይጥ ሳጥን ውስጥ አያድርም። ለዴዴ ይህን ደንብ ያስተማራት ሜሳን ራሱ ነው።

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ገዳዩ ጌታው ራሱ ነው ልበል? ሐይቁ ድረስ ይወስደኛል ብለህ ነው? እዚሁ ነው የሚጨርሰኝ።» የሽርጧን ጫፍ ጆሮዋ ላይ ይዛለች፤ ጨርቁ ርሷል። «ደግሞስ ያንተ ፎቶ አለ አይደል? ያስያዘኝ ያንተ ፎቶ ነው።»

አይኩዌ ሌንሱን ከካሜራው ነቅሎ አገላብጦ አየው። የሌንሱ አንገት ላይ በነጭ ፊደል ማክሮ የሚል ተጽፎበታል፤ ጥቃቅን ነገር አጉልቶ ያነሣል ማለት ነው። የገዛው ያንን ጽሑፍ አምኖ ነው። ለኤሊም ለእስስትም በቅቶት ነበር። የሩዝ ፍሬ በምታክል ቁስል ውስጥ ግን ሊያይለት አልቻለም። የአይጥ የፊት ጥርስ ጥንድ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው አንድ መስመር ነው። ከእህቱና ከሌንሱ አንዱ ዋሽቷል።

ተነሥቶ ታሲ ጋ ሄደ። ታሲ የሜሳን አባት እህት ናቸው፤ በቤቱ ላይ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ሬሳውን ነጭ ጨርቅ ላይ አኑረው ዝንብ ያባርራሉ።

«ፎቶው ልክ አይደለም» አላቸው።

«ያነሣኸው አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ። የዋሸው ሌንሱ ነው።»

ወንዶቹ ሳቁ። «እኔም ለሚስቴ እንዲሁ ነው የምላት» አለ አንዱ፣ «እኔ አልመታሁሽም፣ ጠርሙሱ ነው።»

ታሲ አልሳቁም። «ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ዋናው ከተማ ሎሜ ልሂድ። ሌላ ሌንስ ይዤ እመጣለሁ። ከመቀበሩ በፊት አንድ ጊዜ ላንሣው።»

«ሁላችንም በዓይናችን አይተነዋል!» አለ ሜሳን።

«የሩዝ ፍሬ ነው ያያችሁት። ውስጡን ያየ ማን ነው?»

ሜሳን ሊመታው ክንዱን ሲያነሣ ታሲ የዝንብ ማባረሪያቸውን ዘረጉና አወረዱት።

«ፀሐይ የኮኮናቱን ራስ ስትነካ ይቀበራል፤ አልጠብቅህም» አሉ። «ስማ ደግሞ። የዚህ ቤት ሰው አይደለህም። አትነካውም። ጥላህ እላዩ አይወድቅም። ከወደቀ ከእህትህ ኋላ ተሰልፈህ ታልፋለህ።»

ፎሊ በሞተር ሳይክሉ አፈናጥጦ ወሰደው። ሜሳን ነው አብሮት የላከው። «ሊሸሽ ከሞከረ እግሩን ስበርና ተወው» ብሎታል። አይኩዌ ከቤቱ ሁለቱን የፎቶ ቤት መብራቶቹን በጆንያ ይዞ ወጣ። ከድሮ ሥራው የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

ሎሜ፣ ዴኮን የሚባለው ገበያ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ኦቢዮራ የሚባል ናይጄሪያዊ አሮጌ ካሜራ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለው። ከሱቁ ፊት ለፊት ሰዎች አንድ የስልክ ሌባ ይዘው መሬት ላይ ይረግጡታል። ፎሊ መንገድ ሲያቋርጥ እሱም አንድ ጊዜ ረገጠው።

«ምን ሊያነሡ ነው አባቴ?» አለ ኦቢዮራ።

«ቁስል።»

«የጥርስ ሐኪም ሆኑ እንዴ?»

«ልሆን ነው መሰለኝ። ማክሮ አምጣ።»

ኦቢዮራ ሦስት ሌንስ ደረደረ። የመጀመሪያው አይኩዌ ከያዘው ጋር መንታ ነበር፤ በዚያው በነጭ ፊደል ተጽፎበታል።

«ይሄ ጽሑፍ ብቻ ነው» ብሎ ገፋው።

«ጽሑፍማ ነው። ማክሮ ይላል እኮ!»

አይኩዌ ከኪሱ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። የተገፋውን ሌንስ ካሜራው ላይ ሰክቶ እስከሚችለው ተጠጋና አነሣ። ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ስምንት ሴንቲሜትር ያዘ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሰክቶ አነሣ። ሁለቱም ላይ ከሁለት ሴንቲሜትር ትንሽ ያለፈ ብቻ ፎቶውን ሞላው፤ የሜትሩ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«እነዚህ ናቸው ማክሮ» አለ።

ውጭ የሌባው ጭንቅላት ከአስፋልቱ ጋር ሲጋጭ ተሰማ። አንድ ጫማ እየተንከባለለ ሱቁ ውስጥ ገባ። ኦቢዮራ በእግሩ መልሶ ወረወረው። «ሥራችሁን እዚያው ሥሩ! ደንበኛ አለኝ!»

ከሁለቱ አንዱ አጭር ነው፤ ስልሳ ሚሊሜትር የሚሉት። ንጹሕ ነው፤ ሞተሩ ይሠራል፤ ራሱ ያነጣጥራል። ሌላው ረጅሙ መቶ ነው። ሞተሩ ሞቷል። ቀለበቱ በእጅ ካልታገሉት አይዞርም።

«ረጅሙን ለጠላቴ ነው የምሸጠው» አለ ኦቢዮራ። «የሚያነሡት ሕያው ነው የሞተ?»

«የሞተ።»

«ታዲያ አጭሩን ይውሰዱ! ረጅሙ ለሚሸሽ እንስሳ ነው፣ ሳይጠጉት እንዲያነሡት። የሞተ የት ይሸሻል? አፍንጫው ድረስ ቢጠጉት ምንም አይልም።»

«እሱ ምንም አይልም። ሌሎቹ ናቸው የሚሉት።»

አይኩዌ ሜትሩን ወደ ደጃፉ ፀሐይ አወጣው። አጭሩን ሰክቶ ሲያነጣጥር የሌንሱ አፍ ከሜትሩ በአንድ ጋት ርቀት ላይ ነበር። ጥላው ቁጥሮቹ ላይ ተጋደመ። ወዲህ ቢያዘነብለው ወዲያ ወደቀ፣ አልጠፋም። ረጅሙን ሰካ። ይኸኛው ስንዝር ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ራቅ ብሎ አነጣጠረ። ጥላው ከሜትሩ አልፎ ባዶ አስፋልት ላይ አረፈ። ቁጥሮቹ በፀሐይ ላይ ናቸው።

«አጭሩን ያዝና እንሂድ» አለ ፎሊ። «ሞተሩ ይሠራል አይደል የሚለው? ለሽማግሌ እሱ ነው የሚሻለው።» ፈገግ አለ።

አይኩዌ ፈገግታውን አየው። የቤቱ ልጅ ነው ፎሊ፤ የጥላውን ደንብ ከማንም በላይ ያውቃል።

ጆንያውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «መብራቶቹን ውሰድ፣ ረጅሙን ስጠኝ» አለ።

«በሞተ ሞተር?»

«እጅ አለኝ።»

ሲወጡ ሌባው አይንቀሳቀስም። አንዲት ሴት ፊቱን በካርቶን ሸፈነችው።

አኔሆ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከኮኮናቱ በላይ ሁለት ጣት ቀርቷታል። ከበሩ እስከ ሐይቁ ወንዶቹ ተሰልፈዋል። አንዳንዶቹ የዱላቸውን ቅርፊት ልጠው ነጭ አድርገውታል። ዴዴን ከሽቦው አውጥተው በሩ ላይ አንበርክከዋታል። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል፤ ጠዋት ደኅና ነበር።

«መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ።»

ሬሳው ጨርቁ ላይ ነው፤ ታሲ ከላይ የሸፈኑትን ገለጡለት። ሁለት ሰዎች ዱላ ይዘው ግራና ቀኝ ቆሙ፤ የሚያዩት ዘንዶውን ሳይሆን የአይኩዌን ጥላ ነው።

ባርኔጣውን አውልቆ ጣለ። ዞረና ፀሐይዋን በግራው አደረጋት፤ ጥላው በቀኙ ረዝሞ ተኛ። ተንበረከከ። የሌንሱን ቀለበት እየታገለ እስከ መጨረሻው አዞረና እንደዚያው ተወው። ከዚህ በኋላ የሚያነጣጥረው ሌንሱ ሳይሆን ሰውነቱ ነው። ሩብ ጣት ወደፊት ሲል ቁስሉ ይጠፋል፤ ሩብ ጣት ወደኋላ ሲል ቅርፊቱ ብቻ ይታያል። ትንፋሹን ያዘ። እንደገና ሩብ ጣት ወደፊት አለ። የካሜራው ማንጠልጠያ ተወዛወዘና ቀጭን ጥላው ወደ ጨርቁ ጫፍ ሄደ።

በቀኝ የቆመው ዱላውን አነሣ።

አይኩዌ ማንጠልጠያውን በጥርሱ ነክሶ ያዘው።

ቁስሉ ብቅ ሲልለት በድንገት ጨለመ። ሜሳን መጥቶ በእሱና በፀሐይዋ መካከል ቆሟል።

«የራሴ ግቢ ነው፤ የፈለግሁበት እቆማለሁ» አለ።

«ሜሳን፣ ከፀሐይ ውጣ» አሉ ታሲ።

«አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ እየቀለደብን—»

«ውጣ አልኩህ!»

ወጣ። ብርሃኑ ከጎን ገብቶ ቁስሉን እንደ መሬት ቦይ ገለጠው። አይኩዌ ሰባት ጊዜ አነሣ። ወደኋላ በጉልበቱ ሄዶ ካሜራውን ለታሲ ሰጠና ፎቶውን እያሰፋ አሳያቸው።

ቦዮቹ ሁለት ናቸው። ጎን ለጎን እኩል ሄደው እኩል ያልቃሉ፤ መካከላቸው ክር የምታክል ሥጋ ሳትነካ ቆማለች። ቦዮቹ የሚያልቁበት ላይ፣ የደረቀው ደም ውስጥ፣ አንዲት አጭር ግራጫ ፀጉር ተጣብቃለች።

ታሲ ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ከዚያ ካሜራውን በአጠገባቸው ላለው ሰጡት። እሱም አይቶ ለሚቀጥለው ሰጠ።

«መፋቂያ ብረት ፀጉር ያበቅላል እንዴ?» አለ ጠዋት በጠርሙሱ የቀለደው ሰውዬ። የሳቀለት የለም።

«ማታ ያበላው ማን ነው?» አሉ ታሲ።

ከረድፉ ግማሹ ማታ አብሮ ሲጠጣ ያመሸ ነው። ፎሊ ወንድሙን አየ፤ ወዲያው መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

ሜሳን ካሜራውን ነጥቆ አየ። አይኩዌ ፊቱን ይመለከት ነበር። ሰውዬው እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም ነበር። አሁን አወቀ፤ የሳጥኑን ክዳን ሲዘጋ እጁ ምን እንደረሳ ትዝ ሲለው ከንፈሩ አመድ መሰለ።

ካሜራውን እንደያዘ ዞረና በሌንሱ የአይኩዌን አፍ መታው። አይኩዌ ወደቀ። ደረቱ ላይ ተቀምጦ ደገመው፤ መስተዋቱ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ሲያርፍ የአይኩዌ አፍ በደምና በጥርስ ተሞላ። ዴዴ ከበሩ ጮኸች። ወንዶቹ አልተንቀሳቀሱም፤ ከሜሳን እጅ ነው የሚበሉት።

ታሲ ተነሥተው መጡና ከሜሳን ፊት ቆሙ።

«ካሜራውን ሰበርከው። እኔም አይቻለሁ» አሉት። «እኔንም ስበረኛ!»

ክንዱ በአየር ላይ ቀረ።

«ስበረኝ እንጂ! እነዚህም አይተዋል። በየተራ ስበራቸው።»

ካሜራው ከእጁ ወደቀ። ታሲ ወደ በሩ አመለከቱ። «ሐይቁ እዚያ ነው።»

«አክስቴ...»

«አባትህም ቢሆን በዚያው ነበር የሚያልፈው።»

ሜሳን ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው እርስ በርስ ተያዩ። የቀደመ የለም። ታሲ ከአንዱ እጅ የተላጠውን ዱላ ቀሙና ከተንበረከከችው ከዴዴ ፊት ወረወሩት።

«ያለጥፋቷ የተመታችው ትጀምር።»

ዴዴ እየተንገዳገደች ቆመች። ባልተዘጋው ዓይኗ ወደ ሜሳን ጆሮ አነጣጠረች። ዱላው ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ደረቅ ነበር። ሜሳን በአንድ ጉልበቱ ወደቀ። እሷ ዱላውን ጣለች። አልደገመችም።

ከዚያ በኋላ ወንዶቹን የሚያቆም አልነበረም። ይመቱ የነበረው እንደ እንግዳ ሰው አይደለም። የብዙ ዓመት ጌታቸውን ነው የሚመቱት። ሜሳን መጀመሪያ ሮጠ፤ ከመካከል በኋላ በአራት እግሩ ሄደ፤ በመጨረሻ በክርኖቹ እየተሳበ ሄደ። ፎሊም ከሌሎቹ ጋር መታ። ውሃው ውስጥ እጁን ሲነክር ሁሉም ቆሙ። ሜሳን በዚያው ፊቱን ጭቃው ላይ አድርጎ ተኛ። ጀርባው ይነሣል፣ ይወርዳል።

ዘንዶው ተቀበረ።

ዴዴ መሬቱን እየዳበሰች ጉትቻዋን አገኘች። አይኩዌ አጠገብ ቁጭ ብላ አፉን በሽርጧ ጠረገችለት።

«ስንት ጥርስ ወጣ?» አላት።

ጣቷን ከትታ ዳሰሰች። «ሁለት። የፊቶቹ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አመመው።

ፎሊ የተሰነጠቀውን ሌንስ ከነካሜራው አንሥቶ አመጣ። አሸዋውን በሸሚዙ ጠርጓል። በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

«ይኸው ሌንስዎ፣ አባቴ» አለ። «ነገ ይመጣሉ? እስስቶቹ አልተነሡም።»

አይኩዌ ተቀበለው። የዴዴ መፋቂያ ብረት ጠዋት እንደወደቀ እዚያው ነበር። አነሣው። ከቦርሳው አሮጌውን ሌንስ አወጣና ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ነጩን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይፍቀው ጀመር። ፎሊ ቆሞ ያየዋል። የመጨረሻው ፊደል ሲለቅ ሌንሱን ሰጠው።

«ለእስስት ይበቃል» አለው። «ራስህ አንሣ።»

ከዚያ የእህቱን ክንድ ይዞ ከበሩ ወጣ። ሐይቁ ዳር ሲያልፉ ሜሳን ገና አልተነሣም ነበር። ዴዴ ቆም ብላ አየችው።

«ፎፎ፣ ጥላችን እላዩ ላይ ወደቀ» አለች።

«ይውደቅ» አላት።